ነርሲንግ ከመጀመራችሁ በፊት፦ የክረምት ዝግጅት በዘጠኝ ደረጃዎች

የ12ኛ ክፍል ፈተና አልቆ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ተማሪ እስኪጠሩ ድረስ በካፋ ዞን ዝናቡ አያባራም። በእነዚህ ወራት ነርስ ለመሆን ያሰቡ ወጣቶችና ወላጆቻቸው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። ምን እንግዛ? የትኛውን መጽሐፍ እናንብብ? መርፌ መውጋት ከአሁኑ ብንለማመድስ?

መርፌ አወጋግን፣ ቁስል አጠባበቅንና አልጋ አነጣጠፍን መምህራኑ ከሀ ጀምረው ያስተምሯችኋል። ለእሱ አትጨነቁ። የሚያስጨንቀው እንደምታውቁት ተቆጥሮ የሚታለፈው ነው። እንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት፣ በአሥርዮሽ ቁጥር ሳይሳሳቱ ማስላት፣ ሰነድን አሟልቶ መገኘት፣ ክትባትን በወቅቱ መጀመር፣ ሕመምተኛን በአክብሮት ማነጋገር ማንም ቆሞ የማያስተምራችሁ ነገሮች ናቸው። ክረምቱን ለእነዚህ አውሉት። ይህ መመሪያ ከቦንጋም ሆነ ከዴቻ፣ ከጨና፣ ከገዋታ፣ ከጌሻ ወይም ከአዲዮ ለምትነሱ ሁሉ ይሠራል። የሚያስፈልጓችሁ አንድ ወፍራም ደብተር፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጻሕፍት፣ ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት፣ ቴርሞሜትርና በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ናቸው።

ትልቁ ስሕተት የፈተናው ውጤት እስኪወጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ውጤቱ ሲታወቅ ክረምቱ አልፏል። ከታች ያሉት ደረጃዎች ውጤቱ ምንም ይሁን ምን አይባክኑም።

1. የምትገቡበትን በር ለዩ

ወደ ነርስነት የሚያስገቡት በሮች የተለያዩ ናቸው፤ ዝግጅታቸውም ይለያያል። የመጀመሪያው በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ የሚገኘው የዲግሪ ትምህርት ነው። በዚህ በኩል የምትገቡ በቀጥታ ነርሲንግ አትጀምሩም። መጀመሪያ የፍሬሽማን ኮርሶችን ትወስዳላችሁ፦ የእንግሊዝኛ ክህሎት፣ ሒሳብ፣ ሥነ ልቦና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ እና ሌሎችም። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ የጤና ዘርፎችን የሚፈልገው ብዙ ስለሆነ የፍሬሽማን ውጤታችሁ ይወስናል። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ብትመደቡም፣ ሚዛን ቴፒ ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ብትሄዱም ይህንኑ ጠብቁ።

ሁለተኛው በር እንደ ሚዛን አማን ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያሉ ኮሌጆች ናቸው። እዚህ ትምህርቱ በፍጥነት ወደ ሙያው ይገባል፤ በማጠቃለያውም የብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው ፈተና አለ። ሦስተኛው በር የግል ኮሌጅ ነው። እዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ተቋሙ በነርሲንግ ዘርፍ፣ በዚያው ቅርንጫፍና በዚያው ደረጃ ወቅታዊ የዕውቅና ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ። ለዲግሪ የሚጠየቀው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ለደረጃ ሥልጠና ደግሞ የክልሉ የቴክኒክና ሙያ ቢሮ።

ከአሁኑ ልታውቁት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ የጤና ባለሙያ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት በጤና ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠውን የብቃት ፈተና ማለፍ አለበት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተረድቶ ማጥናት እንጂ ለፈተና ሸምድዶ መርሳት አያዋጣም።

2. ክትባቱን ዛሬ ጀምሩ

ከዘጠኙ ደረጃዎች ቀጠሮ የማይሰጠው ይህ ነው። ነርስ በሥራዋ ላይ እያለች ያገለገለ መርፌ ሊወጋት ይችላል። ያልተከተበ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ደም በተነካካ መርፌ ቢወጋ ከ100 ውስጥ ከ6 እስከ 30 የሚደርስ የመያዝ ዕድል አለው፤ ለኤች አይ ቪ ግን ይህ ቁጥር 0.3 ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢን የሚከላከል ክትባት ደግሞ አለ።

ክትባቱ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፦ የመጀመሪያው ዛሬ፣ ሁለተኛው ከአንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የጀመረ ሰው ሁለተኛውን ነሐሴ መጨረሻ፣ ሦስተኛውን ጥር መጨረሻ ላይ ይወስዳል። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ የሚጀምር ግን ሙሉ ጥበቃ ሳያገኝ ወደ ሆስፒታል ልምምድ ሊገባ ይችላል።

በቅርባችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ወይም ቦንጋ የሚገኘውን ገብረ ጻድቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታል ለአዋቂ የሚሰጥ ክትባት መኖሩንና ዋጋውን ጠይቁ። በልጅነት የተከተባችሁ ከሆነ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ድገሙ ወይም ይበቃችኋል የሚለው ባለሙያው ነው። ከመከተብ በፊት ምርመራ ካዘዘላችሁም አትሽሹ። ሴቶች የቴታነስ ክትባታችሁ የት ላይ እንደቆመ አብራችሁ ጠይቁ። በዚያው ጉዞ ዓይናችሁን ታዩ፤ በሲሪንጅ ላይ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ማንበብ የዕለት ሥራችሁ ይሆናልና።

ስሕተቱ ሁለት ወስዶ ሦስተኛውን መተው ነው። ቀኑ ቢያልፍባችሁ እንኳ ከመጀመሪያው መድገም አያስፈልግም፤ የቀረውን ውሰዱ። ካርዱን ፎቶ አንሱት፣ ዋናውንም ከትምህርት ማስረጃችሁ ጋር አስቀምጡት።

3. ሰነዶቻችሁን በአንድ ፌስታል ሰብስቡ

ጥሪ ሲወጣ የምዝገባው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ነው። በዚያን ሰዓት ትራንስክሪፕት ፍለጋ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት መመለስ አድካሚ ነው፤ ከቦንጋ ራቅ ባሉ ወረዳዎች ደግሞ ዝናብ መንገድ ሊያበላሽ ይችላል። ሬከርድ ቢሮው ክፍት ሳለ ጨርሱ።

በተለምዶ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል የፈተና ውጤት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፎች። ከእያንዳንዱ ዋናውንና ሦስት ኮፒ ያዙ። ዝናብ እንዳያገኛቸው ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልሉ፤ ስልካችሁ ላይም በፎቶ አስቀምጡ።

ከሁሉ በላይ ስማችሁን አመሳክሩ። ስማችሁ፣ የአባትና የአያት ስም በሚኒስትሪ ካርዱ፣ በትራንስክሪፕቱና በፋይዳው ላይ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ በፊደል ሳይቀር አንድ መሆን አለበት። አንዲት ፊደል ብትለያይ ዛሬ ትንሽ ትመስላለች፤ ከአራት ዓመት በኋላ የሙያ ፈቃድ ስታወጡ ግን ታንከራትታለች።

4. እንግሊዝኛን በየቀኑ አንብቡ

የነርሲንግ ትምህርት፣ ፈተናና የሕመምተኛ ካርድ አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ነው። በክፍል ውስጥ ዝም የሚሉ ተማሪዎች ብዙዎቹ ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን ቋንቋው ቀድሟቸው ነው።

መነሻ አድርጋችሁ ለኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተብለው በጤና ሚኒስቴርና በእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተዘጋጁትን ሞጁሎች ተጠቀሙ። ሂት በሚል ስም የሚታወቁት እነዚህ 13 ሞጁሎች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ እንግሊዝኛቸው ቀላል ነው፤ ምሳሌዎቻቸውም ስለ ወባ፣ ስለ እርግዝና ክትትል፣ ስለ ክትባትና ስለ ሕፃናት ምግብ፣ ከአገራችን የተወሰዱ ናቸው። ኔትወርክ ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ቦንጋ ከተማ ስትመጡ፣ አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ።

በቀን ሁለት ገጽ አንብቡ፤ አሥር አዲስ ቃል ጻፉ፤ ያነበባችሁትን በአምስት ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ እንግሊዝኛ አሳጥሩት፤ ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ቃላቱን በቤተሰብ ለዩአቸው፦ በ«ታኪ» የሚጀምረው ፍጥነትን፣ በ«ብራዲ» ዝግታን፣ በ«ሃይፐር» ከልክ ማለፍን፣ በ«ሃይፖ» ማነስን፣ በ«አይተስ» የሚያልቀው ደግሞ የአካል ክፍል መቆጣትን ያመለክታል። እንዲህ ያሉ 30 መነሻዎችንና መድረሻዎችን የያዘ ሰው በመቶ የሚቆጠሩ የሕክምና ቃላትን ይገምታል።

ስሕተቱ የቃላት ዝርዝር ያለ ዓረፍተ ነገር መሸምደድ ነው። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያልገባ ቃል ይጠፋል።

5. ስሌትን በእጅ ሥሩ

ሌላ ትምህርት ላይ ዜሮ ቢሳሳቱ ማርክ ይቀነሳል፤ መድኃኒት ላይ ዜሮ ቢሳሳቱ ሰው አሥር እጥፍ ይሰጠዋል። ስለዚህ ክፍልፋይ፣ አሥርዮሽ፣ መቶኛና ንጽጽር እጃችሁ እስኪለምደው ሥሩ። መለኪያዎቹን አትሳቱ፦ 1 ግራም 1000 ሚሊግራም፣ 1 ሚሊግራም 1000 ማይክሮግራም፣ 1 ሊትር 1000 ሚሊሊትር ነው።

ሁለት ዓይነት ስሌት ተለማመዱ። የመጀመሪያው የመጠን ነው። ለሕፃን 180 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ታዘዘ፤ ሽሮፑ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ይይዛል። የታዘዘውን ባለው አካፍላችሁ በመጠኑ አባዙ፦ 180 ሲካፈል ለ120 1.5፣ ሲባዛ በ5 7.5 ሚሊሊትር። ሁለተኛው የጠብታ ነው። 1000 ሚሊሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዘዘ፤ ግሉኮሱ የሚወርድበት ቱቦ ለ1 ሚሊሊትር 20 ጠብታ ይሰጣል። ጠቅላላው 20,000 ጠብታ፣ ጊዜው 480 ደቂቃ፤ ስለዚህ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ።

በቀን አምስት ጥያቄ ሥሩ። መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በስልክ አመሳክሩ። ሁለት ልማዶችን ከአሁኑ ያዙ። ከነጥብ በፊት ዜሮ ጻፉ፤ 0.5 እንጂ .5 አይባልም። ከነጥብ በኋላ ደግሞ የማያስፈልግ ዜሮ አትጨምሩ፤ 5.0 ተብሎ የተጻፈ 50 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። መልሳችሁም አሥር ኪኒን ወይም ግማሽ ሊትር ሽሮፕ ካለ እስክሪብቶ አስቀምጡና እንደገና አስቡ።

6. ባዮሎጂን በሥዕል ከልሱ

ውድ የነርሲንግ መጽሐፍ አትግዙ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ይበቃል። በሳምንት አንድ የአካል ሥርዓት ውሰዱ፦ የደም ዝውውር፣ መተንፈሻ፣ የምግብ መፍጫ፣ ኩላሊት፣ ነርቭ፣ አጥንትና ጡንቻ፣ ሆርሞን፣ የመራቢያ አካላት። ስምንት ሳምንት፣ ስምንት ሥርዓት። እያንዳንዱን መጽሐፍ ዘግታችሁ ሣሉት፤ ደም ከልብ ወጥቶ በሳንባ አድርጎ እስኪመለስ በቃላችሁ ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ አስረዱ። ማስረዳት ካቃታችሁ አልገባችሁም ማለት ነው። ከኬሚስትሪ የሙሙት ክምችትን፣ ፒኤችንና ኦስሞሲስን ብቻ ከልሱ፤ ለግሉኮስና ለመድኃኒት የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው።

7. እጃችሁንና ዓይናችሁን አሠልጥኑ

ከቤተሰብ አባላት ፈቃድ ጠይቃችሁ ሦስት ነገር ለኩ፦ የልብ ምት፣ የአተነፋፈስ ብዛትና የሰውነት ሙቀት። የልብ ምትን በሁለት ጣት አንጓ ላይ ይዛችሁ ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። አውራ ጣት አትጠቀሙ፤ የራሱ ትርታ ያሳስታችኋል። ትንፋሽን ግለሰቡ ሳያውቅ ቁጠሩ፤ ካወቀ ይለውጠዋል። ዕረፍት ላይ ያለ ጤናማ አዋቂ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 የልብ ምት፣ ከ12 እስከ 20 ትንፋሽ ይኖረዋል። ብብት ሥር የተለካ ሙቀት 37.5 ዲግሪ ከደረሰ ትኩሳት ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ስምና ቁጥር እያላችሁ በሠንጠረዥ መዝግቡ። በወጉ መመዝገብ የነርስ ሥራ ግማሽ ነው።

እጅ መታጠብንም ተማሩ፤ በሳሙናና በውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ መዳፍ፣ ጀርባ፣ በጣቶች መካከል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር ሥር። ጥፍራችሁን አሳጥሩ።

ሦስት የመጀመሪያ ርዳታዎችን ያዙ። ለተቃጠለ፣ ለ20 ደቂቃ የሚወርድ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ፤ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባም። ለሚደማ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ መጫን። ጫካ ውስጥ እባብ ለነደፈው፣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ተሸክሞ ወደ ሕክምና መውሰድ፤ መብጣት፣ መምጠጥና በገመድ ማሰር ጉዳት ያመጣል።

ከተቻለ የጤና ጣቢያችሁን ኃላፊ አስፈቅዳችሁ አንድ ወይም ሁለት ቀን ታዘቡ። በካርድ ክፍል፣ በተመላላሽ፣ በእናቶችና ሕፃናት ክፍል ሕመምተኛው እንዴት እንደሚጓዝ ተከታተሉ። ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል ያለውን የሪፈር ሰንሰለትም ጠይቁ፤ አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ደግሞ እስከ 25,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቦ የተደራጀ ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ስሕተት ይመጣል። «ነርስ ልትሆን ነው» ሲባል ጎረቤት መርፌና ኪኒን ይዞ ቤታችሁ ሊመጣ ይችላል። አትውጉ፤ መድኃኒት አትምረጡ። «እናቴ፣ ገና አልተማርኩም፤ ጤና ጣቢያ አብሬዎት ልሂድ» በሉ። አብሮ መሄድ ራሱ የመጀመሪያው የነርስነት ሥራ ነው።

8. ሕመምተኛን ማነጋገር ተለማመዱ

በካፋ ዞን ካርድ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እናቶች ሕመማቸውን የሚናገሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ በካፊኖኖ ነው። የጫራና የናኦ ማኅበረሰቦችም የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ካፊኖኖ የማትችሉ ከሆነ ቋንቋውን ከሚችል ሰው ጋር ተቀምጣችሁ ሃያ ጥያቄ ተማሩ፦ የት ያምምዎታል? ከመቼ ጀምሮ? ያስመልስዎታል? ልጁ ይጠባል? መድኃኒቱን ስንት ጊዜ ወሰዱ? ካፊኖኖ የምትችሉና ወደ ጅማ የምትሄዱ ደግሞ እነዚህኑ በኦሮምኛ ያዙ። ለአዋቂ ሁሉ «እርስዎ» በሉ፤ ቀና ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ።

ስለ ሰው እኩልነት ያላችሁን አመለካከትም ክረምቱ ላይ መርምሩ። በአካባቢያችን የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት አብረው እንዳይበሉና ከሌላው እኩል እንዳይቀመጡ የሚያደርግ አድልዎ ደርሶባቸዋል። ነጭ ጋውን የሚለብስ ሰው ይህን ይዞ ወደ ሕሙማን ክፍል መግባት አይችልም። ወረፋው አንድ ነው፤ የሚታጠበው ቁስልና የሚያዘው እጅም አንድ ነው። ምሥጢር መጠበቅንም ከአሁኑ ልመዱ። ቦንጋና ዙሪያዋ ሰው የሚተዋወቅበት አገር ነው፤ ጤና ጣቢያ ያያችሁትን ሰው ስም ቡና ላይ አታንሱ።

9. ገንዘቡንና ዕቃውን አስቀድማችሁ አስሉ

በካፋ የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ ከቡና ነው፤ ቡናው የሚለቀመውና የሚሸጠው ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ነው። ምዝገባው ከዚያ ቀድሞ ሊመጣ ስለሚችል የመጓጓዣ፣ የኮፒና የመጀመሪያው ወር ወጪ ከክረምቱ መቀመጥ አለበት። ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ወረቀት ላይ አስሉት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ መኝታና ምግብ በወጪ መጋራት ውል እንደሚሸፈን፣ ይህም ከምረቃ በኋላ የሚከፈል ዕዳ እንደሆነ ዕወቁ። ኮሌጅ የምትገቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤት ኪራይና ምግብ በራሳችሁ ነው።

የምትይዙት ዕቃ ትንሽ ነው፦ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ልብስ፣ የዝናብ ካፖርት፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ የማያንሸራትት ሽፍን ጫማ። ጋውን፣ ስቴቶስኮፕና የደም ግፊት መለኪያ አትግዙ፤ ዓይነቱንና ጊዜውን ትምህርት ክፍሉ ይነግራችኋል፤ ፍሬሽማን ላይ ደግሞ አያስፈልጉም።

የሳምንቱ ሰሌዳ

የቤት ሥራው፣ የእርሻውና የከብቱ ጉዳይ ስለማይቀር ሰሌዳው ቀላል ይሁን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት እንግሊዝኛ፣ ማታ ግማሽ ሰዓት ስሌት፣ ግማሽ ሰዓት ባዮሎጂ። ቅዳሜ ልኬትና የእጅ ልምምድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሳምንቱን ክለሳ። እሑድ ዕረፍት። መብራት ቢጠፋ በቀን ብርሃን አካክሱ። ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኛ ጋር ብትሆኑ ይበልጥ ትጸናላችሁ። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ በማግሥቱ ከቆማችሁበት ቀጥሉ እንጂ ሁሉንም አትተዉ።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና ከዘጠኙ አንዱን ብቻ ዛሬ መሥራት ከቻላችሁ ክትባቱን ጀምሩ፤ ነገ ስማችሁን በሰነዶቹ ላይ አመሳክሩ፤ ከነገ ወዲያ ደብተሩን ክፈቱ። ወላጆችም ለልጆቻችሁ በቀን ሁለት ሰዓት ነፃ ጊዜ ስጡልን። ዞናችን ቋንቋውን የሚያውቁ፣ ሰውን የሚያከብሩ፣ ስሌታቸው የማይሳሳት ነርሶች ያስፈልጉታል።